የሻይ ነጋዴዎች የሠሩት ኮምፒዩተር

ኮምፒዩተር የሚባለው መኪና በመጀመሪያ የተሠራው ለጦርነትና ለሊቃውንት ምርምር እንደ ነበረ ብዙ ሰው ያውቃል። ወደ ነጋዴ ጽሕፈት ቤት ገብቶ የደመወዝና የዕቃ ሒሳብ መያዝ የጀመረው በማን እጅ እንደ ሆነ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ይህን ያደረገው የጦር ሚኒስቴር ወይም የመኪና ፋብሪካ ሳይሆን፣ በሎንዶን ከተማ ሻይና ኬክ ይሸጥ የነበረው ላየንስ የተባለው የንግድ ኩባንያ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላየንስ የመጀመሪያውን ሻይ ቤት በፒካዲሊ ጎዳና የከፈተው በ1894 ነው። ከዚያ ወዲህ ንግዱ እየሰፋ ሄዶ፣ ዳቦና ኬክ የሚጋግር፣ ሻይ የሚያሽግ፣ አይስክሬም የሚሠራና በየመንገዱ ሻይ ቤት ያለው ታላቅ ኩባንያ ሆነ። ይሁን እንጂ ከአንድ ስኒ ሻይና ከአንድ ቁራሽ ኬክ የሚገኘው ትርፍ እጅግ ጥቂት ነው። ያችን ጥቂት ትርፍ ለማወቅ በየቀኑ እጅግ ብዙ ደረሰኝ መደመርና ማመሳከር ያስፈልግ ነበር። ለደማሪው ጸሐፊ የሚከፈለው ደመወዝ ትርፉን ከበላው ደግሞ ብዙ መሸጥ ብዙ ማትረፍ ሊሆን አይችልም። ይህ ችግር ለችርቻሮ ነጋዴ ሁሉ እንግዳ አይደለም።

ነገሩን አጥብቀው ከተመለከቱት ሰዎች ዋናው ሚስተር ጆን ሲመንስ ናቸው። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ተምረው በ1923 ወደ ኩባንያው ገቡ። መዝገብ ያለፈውን ለመቁጠር ብቻ ሳይሆን ለነገው ውሳኔ እንዲረዳ ይፈልጉ ነበርና፣ ሥራው የጽሕፈት ቤቱን አሠራር መመርመርና ማሻሻል ብቻ የሆነ አንድ ክፍል በሥራቸው ተቋቋመ።

በ1947 ሚስተር ቶምሰንና ሚስተር ስታንዲንግፎርድ የተባሉ ሁለት ሹማምንት የአሜሪካን ጽሕፈት ቤቶች አሠራር አይተው እንዲመለሱ ተላኩ። በዚያ ስለ አዲሱ የኤሌክትሮኒክ ማስሊያ ለመጠየቅ ወደ ፕሪንስተን በሄዱ ጊዜ፣ እንዲህ ያለ መኪና በገዛ አገራቸው በካምብሪጅ በመሠራት ላይ መሆኑ ተነገራቸው። ባሕር ተሻግረው የፈለጉትን በደጃቸው አገኙት ማለት ነው። ከተመለሱም በኋላ ኩባንያው ጥቂት ሺህ ፓውንድና አንድ የቴክኒክ ሠራተኛ ሰጥቶ የሞሪስ ዊልክስን ሥራ ደገፈ። ኤድሳክ የተባለው የካምብሪጅ መኪና ግንቦት (ሜይ) 6 ቀን 1949 የመጀመሪያውን ፕሮግራም በሚገባ ፈጸመ።

በዚያን ጊዜ ለንግድ የሚሆን ኮምፒዩተር ሠርቶ የሚሸጥ ፋብሪካ ስላልነበረ፣ ላየንስ የራሱን ለመሥራት ቈረጠ። መሐንዲሱ ዶክተር ጆን ፒንከርተን ነበሩ። መኪናው ሊዮ ተባለ፤ ይኸውም «የላየንስ ኤሌክትሮኒክ ጽሕፈት ቤት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ስም የመጀመሪያ ፊደላት የተወሰደ ነው። 6,000 ያህል የራዲዮ አምፑሎች ነበሩት፤ ትውስታውም በባዜቃ በተሞሉ ረጃጅም ቱቦዎች ውስጥ የሚመላለስ ድምፅ ሲሆን፣ የሚይዘው 2,048 ቁጥሮችን ብቻ ነበር። ዛሬ በኪስ የሚያዝ ስልክ ከዚህ ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ይይዛል። ሆኖም በኅዳር (ኖቬምበር) 1951 ሊዮ የዳቦ መጋገሪያዎቹን ምርት ዋጋ በየሳምንቱ ማስላት ጀመረ። ኮምፒዩተር በመደበኛነት የንግድ ሥራ ሲሠራ ይህ በዓለም የመጀመሪያው ነው።

መኪናውን መሥራት ግን የሥራው እኩሌታ ብቻ ነበር። ሌላው እኩሌታ ለመኪናው የሚሰጠውን ትእዛዝ በተርታ ማዘጋጀት፣ ማለት ዛሬ ሶፍትዌር የሚባለው ሲሆን፣ ይህን የመሩት ሚስተር ዴቪድ ካሚነር ናቸው። በ1936 ወደ ኩባንያው ገብተው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቱኒዚያ አንድ እግራቸውን አጥተው ወደ ሥራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ደንባቸው ጥብቅ ነበር። ፕሮግራም ከመጻፉ በፊት ሥራው ከመነሻው እስከ መድረሻው ይጠናል፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይመረምረዋል፤ ድምሩ ከሌላ ድምር ጋር ይመሳከራል፤ መኪናው በመካከል ቢቆም ከየት እንደሚቀጥል አስቀድሞ ይወሰናል።

የዚህ ጥንቃቄ ጥቅም በደመወዝ ሥራ ታየ። የዳቦ ዋጋ ሒሳብ አንድ ቀን ቢዘገይ ይታገሡታል፤ የሠራተኛ ደመወዝ ግን በቀኑ ካልደረሰ የሰው ቤት ይራባል። ስለዚህ መኪናው የሚያወጣው ሒሳብ ጸሐፊዎቹ በእጃቸው ከሠሩት ጋር እየተመሳከረ ብዙ ጊዜ ከተፈተነ በኋላ፣ በ1954 የደመወዙ ሥራ በሙሉ ለሊዮ ተሰጠ። የሠለጠነ ጸሐፊ የአንድ ሠራተኛን ደመወዝ ለማስላት 8 ደቂቃ ሲፈጅበት፣ ሊዮ በአንድ ሰከንድ ተኩል ይጨርሰው ነበር። ከፕሮግራሙ ጸሐፊዎች አንዷ በኋላ ወይዘሮ ሜሪ ኩምብስ የተባሉት ሲሆኑ፣ የተማሩት የፈረንሳይኛ ቋንቋ ነበር፤ ኩባንያው የሰጠውን ፈተና አልፈው በ1952 ከክፍሉ ገብተዋል።

ለነጋዴ ይበልጥ የሚያስደንቀው የሻይ ቤቶቹ ትእዛዝ ነው። እያንዳንዷ የሻይ ቤት ኀላፊ ለየቀኑ የሚያስፈልጋት ዕቃ አስቀድሞ ተመዝግቦላታል። ከዋናው መሥሪያ ቤት በስልክ ስትጠየቅ የምትናገረው የሚጨመረውንና የሚቀነሰውን ብቻ ነው። ይህ በካርድ ላይ ተበስቶ ለሊዮ ይሰጣል፤ ሊዮም ምን ያህል እንደሚጋገር፣ ለየትኛው ሻይ ቤት ምን እንደሚጫንና ዋጋው ስንት እንደ ሆነ ያወጣል። ያልተለወጠውን ደጋግሞ መጻፍ ቀረ።

የሊዮ ዝና በተሰማ ጊዜ ሌሎችም ፈለጉት። ፎርድ በእንግሊዝ አገር ያሉትን የሠራተኞቹን ደመወዝ በሊዮ አሠራ፤ በ1954 ኮምፒዩተር ሠርቶ የሚሸጥ ራሱን የቻለ ኩባንያ ተቋቋመ። ነገር ግን ይህ ንግድ ከባድ ካፒታል የሚጠይቅ ስለ ሆነ አንድ የምግብ ኩባንያ ብቻውን ሊችለው አልቻለም። በ1963 ሊዮ ከእንግሊሽ ኤሌክትሪክ ጋር ተቀላቀለ፤ ላየንስም በ1978 በቢራ ጠማቂዎች ኩባንያ ተገዛ። ሻይ ቤቶቹ ዛሬ የሉም። የእንግሊዝ የቴሌፎን ሒሳብ ግን እስከ 1981 ድረስ በሊዮ መኪናዎች ይወጣ ነበር።

የእነዚህ ሰዎች ውለታ ከመኪናው ይልቅ በአሠራራቸው ላይ ነው። ላየንስ ኮምፒዩተር ከመሥራቱ ብዙ ዓመት አስቀድሞ መዝገቡን አጥርቶ ያውቅ ነበር፤ መኪናው ያገኘው የተሰናዳ ቤት ነው። ዛሬ ለሱቁ ወይም ለመጋዘኑ የሒሳብ ፕሮግራም የሚገዛ ነጋዴም ከመግዛቱ በፊት ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ማወቅ የምፈልገው ምንድን ነው? ቁጥሩን የሚያመጣው ማን ነው? ስሕተት ሲገባ በምን ይታወቃል? ይህን ከመለሰ በኋላ አሮጌውን መዝገብና አዲሱን ፕሮግራም ጎን ለጎን ጥቂት ወራት ያስኬዳቸው። የተዘበራረቀ መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ቢገባ የሚወጣው ያው መዘበራረቅ ነው፤ የሚለየው በፍጥነት መውጣቱ ብቻ ነው።