የሟቹን ደራሲ ሃርድ ዲስክ ለምን በሮለር ጨፈለቁት?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 2017 ላይ እንግሊዝ ውስጥ አንድ ሃርድ ዲስክ መሬት ላይ ተቀመጠ። በእንፋሎት የሚሠራ የድሮ ሮለር ደጋግሞ ሄደበት። እሱም አልበቃ ብሎ ድንጋይ መፍጫ ውስጥ ተከተተ። በውስጡ የነበሩት ቴሪ ፕራቸት ያልጨረሳቸው ልብወለዶች ናቸው። ይሄ ይደረግ ያለው ደግሞ ራሱ ደራሲው ነው!

ቴሪ ፕራቸት ማነው?

በ1948 የተወለደ እንግሊዛዊ ነው። በ17 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ የአካባቢው ጋዜጣ ሪፖርተር ሆነ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። በኋላም ለኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ስለ ኑክሌር ጣቢያዎች ለጋዜጠኞች የሚያስረዳ ሠራተኛ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ማታ ማታ 400 ቃል ይጽፋል። በቃ፣ 400 ቃል!

በ1983 «ዲስክወርልድ»ን ጀመረ። ጠፍጣፋ ዓለም ነው፤ አራት ዝሆኖች ይሸከሙታል፣ ዝሆኖቹ የቆሙት ጠፈር ላይ በሚዋኝ ኤሊ ጀርባ ላይ ነው። ቀልድ ይመስላል፤ ግን በጠንቋይና በዘንዶ አሳብቦ የሚያወራው ስለ ባንክ፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ጋዜጣ ነው። በዚህ ዓለም ላይ ብቻ 41 ልብወለድ ጻፈ።

ከዛ በሽታው መጣ

በ2007፣ ገና በ59 ዓመቱ፣ ብዙ የማይታይ ዓይነት አልዛይመር እንደያዘው ለሕዝብ ተናገረ። ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ አንጎሉ ግን ዓይኑ ያየውን መለየት ያቅተዋል። ኪቦርድ መምታት አቃተው። ሐሳቡ ግን አልነጠፈም፤ ስለዚህ እየተናገረ ያስጽፍ ጀመር። ለበሽታው ምርምርም 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። በማርች 2015 አረፈ።

ታዲያ ሃርድ ዲስኩስ?

ሁሉም ደራሲ እንደሱ አይደለም። በ2007 የሞተው ሮበርት ጆርዳን ታሪኩ እንዲያልቅለት ይፈልግ ነበር፤ ብራንደን ሳንደርሰን በ3 መጻሕፍት ጨረሰለት። ፕራቸት ግን ያልጨረሰው ነገር አብሮት እንዲጠፋ ለጓደኛው ነግሮ ነበር። ረዳቱም አደራ አልበላም።

እውነቱን እንናገር፦ እኛ ብንሆን ቢያንስ አንዴ ከፍተን እናየው ነበር። አንባቢዎቹም ያጡት ነገር አለ። ግን ያላለቀ ጽሑፍ ማለት ደራሲው ገና «ይሁን» ያላለው ነው፤ በሽታ ብዙ ነገር ከነጠቀው ሰው ላይ ይቺን ውሳኔ መንጠቅ ይከብዳል።

እናንተ ረዳቱን ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልን።