ኩበት ዋጋ አለው፣ ፍግ ግን የለውም

ከደሴ ተነሥቶ በወልድያ መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው፣ የእስጢፋኖስን ገዳም የታቀፈውን ሐይቅ አልፎ ወደ አምባሰል ሲዘልቅ፣ በ1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመባትን ውጫሌን ለማየት ዐይኑን ወደ ሩቅ ሲልክ፣ በየደጃፉ ተቆልሎ የቆመውን ሀብት ሳያስተውል ማለፉ የተለመደ ነው። ይህ ሀብት ኩበት ነው። ከክምሩ አንዱን አንሥቶ ላስተዋለው፣ የጠፈጠፈችው ሴት አምስት ጣት በላዩ እንደ ማኅተም ታትሞ ደርቋል፤ በጠርዙ የገለባ ስብርባሪ ብቅ ብሎ ይታያል፤ በጀርባውም መሬት ላይ ሲደርቅ ያነሣው ጠጠር ተጣብቆበታል።

ይህ አንድ ባሕርይ ያለው ነገር ሁለት ስም አለው፤ ምድጃ ሲገባ ኩበት፣ ገራህት ሲገባ ፍግ ይባላል። ለኢኮኖሚ ሐታቲ ዋናው ምሥጢር ግን ስሙ ሁለት መሆኑ ሳይሆን ዋጋው አንድ መሆኑ ነው። ኩበት ገበያ ወጥቶ ይሸጣል፣ ባይሸጥም የእንጨት መግዣ ያድናል፤ ፍግን ግን ማንም በገበያ አይጠራውም፣ ጥቅሙም የሚታየው ከወራት በኋላ፣ ያውም ዝናቡ ከቀና ነው። ስለዚህ እበቱን የሚያነድ ገበሬ አላዋቂ ነው የሚሉ ሰዎች የተሳሳቱ ይመስለኛል፤ እርሱ ያደረገው ዋጋ ያለውን መርጦ ዋጋ የሌለውን መተው ነው። እበቱ ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ወደ ሰማይ ያርጋል፤ ፎስፎረሱና ፖታሲየሙ በአመዱ ውስጥ ይቀራል፤ አመዱም ጓሮ ይደፋና ዱባና ጎመን ያፋፋል፣ ሩቁ ማሳ ግን ድርሻ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1984 ኬኔት ኒውኮምብ የተባለ ባለሙያ ለዓለም ባንክ በጻፈው ሐተታ፣ በኢትዮጵያ ገጠር ዛፍ መትከል የሚያዋጣው ለእንጨቱ ብቻ ሳይሆን እንጨቱ ከእሳት አድኖ ወደ እርሻ ለሚመልሰው እበት ጭምር መሆኑን አመልክቶ ነበር።

እንግዲህ ስሌቱን እንያዝ። ከገበያ የሚገዛው ማዳበሪያ፣ ዩሪያ፣ በአንድ ኩንታል 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል። በወጉ የተያዘ ደረቅ ፍግ ከመቶ ኪሎው አንድ ኪሎ ተኩል ቢይዝ፣ ያንኑ ያህል ለማግኘት 30 ኩንታል ገደማ ያስፈልጋል፤ አንዲት አህያ በአንድ ጊዜ ግማሽ ኩንታል ብትሸከም ይህ 60 ጭነት ነው። (የጋዜጣ ጸሓፊ አህያ ጭኖ አያውቅምና ጭነቱን የሚያርም ገበሬ አይጠፋም።) ይህን በአምባሰል አቀበት ያሰበ ሰው፣ ፍግ ከቤት አጠገብ ካለው መሬት አልፎ ለምን እንደማይሄድ አስረጂ አያሻውም። በዚያ ላይ ፍጉ ናይትሮጅኑን የሚለቀው ቀስ በቀስ ነው፤ በአንጻሩ ዩሪያ የማይሰጠውን ፎስፎረስና ፖታሲየም፣ ከሁሉም በላይ አፈሩ ውኃ እንዲይዝ የሚያደርገውን ብስባሽ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ገበያ አንድ ቶን ዩሪያ በአማካይ 230 ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2022 ሚያዝያ ከ900 ዶላር አለፈ። ኋላ ዋጋው ቢረግብም፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እያንዳንዱ ዶላር በብር የሚጠይቀው በዝቷል። ዩሪያ በተወደደ ቁጥር፣ ማንም ዋጋ ባይጠራለትም፣ የደጃፉ ክምር ይከብራል።

የትኛው ማሳ ምን ያህል ፍግ ያግኝ የሚለው የፍግ ዕቅድ በሆላንድ አገር የትርፍ አስተዳደር ነው፤ ከብቱ በዝቶ ፍጉ ውኃውን ስለበከለ፣ የአውሮፓ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው መመሪያ ለብክለት በተጋለጡ አካባቢዎች ከእንስሳት ፍግ የሚገባው ናይትሮጅን በሄክታር በዓመት ከ170 ኪሎ እንዳይበልጥ ተወስኗል። በእኛ አገር ግን ዕቅዱ የጉድለት አስተዳደር ነውና፣ የትኛው ማሳ ቀድሞ ይቅመስ ከማለቱ በፊት ምን ይባክናል ብሎ መጠየቅ አለበት። ከብቱ ከሚያወጣው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ በሽንቱ ውስጥ ነው፤ በረቱ ገለባ ካልተነጠፈበት አብዛኛው ወደ መሬት ሰርጎ ወይም ተንኖ ይጠፋል። በትግራይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ከገበሬዎች ጋር ያካሄዱት የኮምፖስት ሥራ፣ ጉድጓድ፣ ጥላና ርጥበት ካልተጓደሉ ድሃ መሬት እንደሚያገግም አሳይቷል።

ይሁን እንጂ የማገዶው ጥያቄ ሳይመለስ ስለ ኮምፖስት ማስተማር፣ ለራብተኛ ስለ ዘር ምርጫ እንደ መስበክ ይሆናል። እንጀራ በሦስት ጉልቻ ከሚጋገር ይልቅ በምርጥ ምድጃ ቢጋገር ማገዶው ወደ ግማሽ ይቀንሳል፤ የተረፈውም እበት ለማሳ ነጻ ይወጣል። ባዮ ጋዝ ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ የሚለውን ፈተና ያስቀራል፤ ጋዙ ይነዳል፣ ዝቃጩ ፍግ ይሆናል። ነገር ግን እበቱ የሚብላላበት ጉድጓድ በየቀኑ ከሃያ ኪሎ የማያንስ ትኩስ እበትና የዚያኑ ያህል ውኃ ይሻል፤ ውኃ ከሩቅ በጀርባዋ ለምታመጣ ሴት ይህ ሌላ ግብር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው አገር አቀፍ የባዮ ጋዝ ፕሮግራም በመጀመሪያው ምዕራፍ 14,000 ጉድጓዶች ሊሠራ አስቦ ያደረሰው ወደ 8,000 ገደማ ነው።

ወንጌላዊው ሉቃስ በ13ኛው ምዕራፍ በጻፈው ምሳሌ፣ ፍሬ የነሣችውን በለስ እንዲቆርጥ የታዘዘው አትክልተኛ የለመነው አንድ ዓመት ነው፤ በዚያ ዓመት ዙሪያዋን ሊኮተኩት፣ ፋንድያም ሊያደርግላት። ከባለቤቱ የፈለገው ነገር ጊዜ ነበረ። በእኩል የሚያርስ ሰው ግን መሬቱ ለከርሞ በእጁ መቆየቱን አያውቅምና፣ ጥቅሙ ዓመታት የሚዘልቀውን ፍግ በሌላ ሰው ማሳ የሚደፋበት ምክንያት የለውም፤ ዩሪያ ግን በዚያው ክረምት ይከፍለዋል። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የታደለው የይዞታ ደብተር ለባለይዞታው ይህን ጊዜ ሰጥቶታል፤ እኩል አራሹን ግን አልደረሰውም።

ያልተሸፈነ ፍግና ያለ ልክ የተበተነ ዩሪያ በክረምት ጎርፍ ሲታጠብ ከአፈሩ ጋር ቁልቁል ይወርዳል። በመንገዳችን መጀመሪያ ያለፍነው የእስጢፋኖስ ገዳም ሐይቅ ደግሞ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ሰፍቶ፣ ከሰማንያ ሜትር በላይ ጠልቆ የተኛ ነው፤ ወንዝ ይገባበታል እንጂ አይወጣበትም፣ ከየአቀበቱ የተቀበለውንም ይዞ ያስቀራል።