የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያና የታተመ መጽሐፍ
ለመጽሐፍ ወዳጅ የትኛው ይስማማዋል?

መጽሐፍ ማንበብ የሚወድ ሰው በዚህ ዘመን አንድ ጥያቄ ሳይገጥመው አይቀርም። ይኸውም፤ በወረቀት የታተመውን መጽሐፍ ማንበብ ይሻላል ወይስ በኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ ማንበብ ይሻላል የሚለው ነው። በዚህ ጉዳይ የሚከራከሩት ሰዎች ብዙውን ጊዜ በሁለት ወገን ተከፍለው ይታያሉ። አንደኛው ወገን የወረቀቱን ሽታና የጥራዙን ውበት እያነሣ አዲሱን መሣሪያ ይንቃል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሺህ መጻሕፍት በአንድ እጅ መያዝ ከተቻለ ከባድ ጥራዝ መሸከም ከንቱ ድካም ነው ይላል። እኛ ግን ሁለቱም ወገኖች ነገሩን ከመሠረቱ ያዩት አይመስለንም። መጽሐፍ ወዳድ ሰው በመጽሐፉ የሚሠራው ሥራ አንድ ብቻ አይደለምና። ያነባል፤ ካነበበ በኋላ ተመልሶ ይፈልጋል፤ በጠርዙ ይጽፍበታል፤ ለጓደኛው ያውሳል፤ በመጨረሻም ለልጁ ያወርሳል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ማንበቢያው ከየት እንደ መጣና እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ እናስረዳለን። ከዚያም እነዚህን ሥራዎች አንድ ባንድ እየመረመርን የትኛው ለየትኛው እንደሚስማማ ለማሳየት እንሞክራለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

፩. የማንበቢያው አመጣጥና አሠራር

መጽሐፍን በኤሌክትሮኒክ መልክ የማኖር ሐሳብ ማንበቢያው ከመሠራቱ በፊት የነበረ ነው። በ1971 ማይክል ሃርት የተባለ አሜሪካዊ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ጽፎ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለውን ሥራ ጀመረ። ይህ ሥራ የደራሲነት መብት ዘመናቸው ያለፈ መጻሕፍትን ለማንም ሰው ያለ ዋጋ የሚያድል ሲሆን፤ ዛሬ ከ70,000 የሚበልጡ መጻሕፍት ይገኙበታል። ይሁን እንጂ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ረጅም ልብ ወለድ መጨረስ ዓይንንም ወገብንም የሚያደክም ስለ ሆነ፤ መጽሐፍ ወዳዱ ወረቀቱን አልተወም ነበር።

ነገሩን የለወጠው የኤሌክትሮኒክ ቀለም ነው። ይህ ቀለም በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ከተደረገው ምርምር የተገኘ ሲሆን፤ በ1997 ኢ ኢንክ የተባለው ኩባንያ ለዚሁ ሥራ ተቋቋመ። አሠራሩም እንዲህ ነው። በማንበቢያው ገጽ ሥር ስፋታቸው የአንድ ጠጕር ውፍረት የሚያህል እጅግ ብዙ እንክብሎች ተነጥፈዋል። በያንዳንዱ እንክብል ውስጥ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ፤ በፈሳሹም ውስጥ ነጫጭና ጥቋቁር ብናኞች ይንሳፈፋሉ። የነጮቹና የጥቁሮቹ የኤሌክትሪክ ጠባይ ተቃራኒ ስለ ሆነ፤ ኤሌክትሪክ ሲደርስባቸው አንደኞቹ ወደ ላይ ሲወጡ ሌሎቹ ወደ ታች ይወርዳሉ። ጥቁሮቹ በወጡበት ስፍራ ፊደል ይታያል፤ ነጮቹ በወጡበት ስፍራ ባዶ ወረቀት ይመስላል።

ከዚህ አሠራር ሁለት ጥቅሞች ይገኛሉ። መጀመሪያ፤ ብናኞቹ አንድ ጊዜ ከተሰለፉ በኋላ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም ባሉበት ስለሚቈዩ፤ መሣሪያው ኀይል የሚፈጀው በተለይ ገጹ ሲለወጥ ነው። አንድ ጊዜ ኤሌክትሪክ ከተሞላ ለብዙ ቀናት፤ አንዳንዴም ለሳምንታት የሚያገለግለው ስለዚህ ነው። ሁለተኛ፤ ገጹ እንደ ስልክ ከውስጥ ወደ ዓይን ብርሃን አይልክም፤ እንደ ወረቀት ከውጭ ያረፈበትን ብርሃን ይመልሳል እንጂ። በፀሐይ ላይ የስልኩ ስክሪን ሲደበዝዝ የማንበቢያው ጽሑፍ አጥርቶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። በኋላ በወጡት ማንበቢያዎች ላይ ለጨለማ ጊዜ የሚያገለግል መብራት ተጨምሯል። ይህም መብራት ቢሆን ከጠርዝ መጥቶ በገጹ ላይ የሚያርፍ ነው።

በዚህ ቀለም የተሠራውን የመጀመሪያ ማንበቢያ ሶኒ የተባለው ኩባንያ በ2004 በጃፓን አገር ለገበያ አቀረበ። ነገር ግን ማንበቢያው በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀው አማዞን በ2007 ኪንድል የተባለውን መሣሪያ በ399 ዶላር መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ነው።

፪. ለማንበብ

እንግዲህ ከመጀመሪያው ሥራ፤ ከማንበብ እንነሣ። በዚህ በኩል ማንበቢያው ሊመሰገን ይገባዋል። ክብደቱ ከአንድ ቀጭን መጽሐፍ አይበልጥም። ዓይኑ የደከመ ሰው ፊደሉን እንደ ፈለገ ያተልቀዋል፤ በወረቀት ግን ትልልቅ ፊደል ያለው እትም ካልተገኘ በቀር ይህ አይሆንም። መንገደኛም ለአንድ ወር የሚበቃውን መጽሐፍ በኪሱ ይዞ ይሄዳል።

በባዕድ ቋንቋ ለሚያነብ ተማሪ ደግሞ ሌላ ትልቅ ጥቅም አለው። እኛ በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለመላው ክፍል ስለሚያገለግል፤ በማታው የጥናት ሰዓት ተራ እንጠብቅ ነበር። ተራችን ሳይደርስ ደወል ስለሚደወል የብዙ ቃላት ትርጕም በግምት ታልፏል። በማንበቢያው ግን ጣትን በቃሉ ላይ ማሳረፍ ብቻ ይበቃል፤ ትርጕሙ ወዲያው ይወጣል። ይህን ጥቅም የሚያቃልል ሰው ለመዝገበ ቃላት ተራ ጠብቆ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

፫. ለማስተዋልና ተመልሶ ለመፈለግ

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ፤ አንባቢው ያነበበውን በሁለቱም መንገድ እኩል ያስተውለዋልን? የሚል ነው። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ቀደም ሲል የተደረጉ 54 ምርመራዎችን ሰብስቦ መርምሯል። በነዚህ ምርመራዎች የተካፈሉት ሰዎች ቍጥር በጠቅላላው ከ170,000 ይበልጣል። ውጤቱም በወረቀት ያነበቡት በስክሪን ካነበቡት በመጠኑ የተሻለ እንዳስተዋሉ ያመለክታል። ልዩነቱ በተለይ የታየው የንባቡ ጊዜ ሲወሰንና ጽሑፉ ዕውቀት የሚሰጥ ዓይነት ሲሆን ነው፤ ጽሑፉ ታሪክ ብቻ በሆነ ጊዜ ግን ልዩነት አልታየም። ምርመራዎቹ ኮምፒዩተርን ጭምር የሚመለከቱ ስለ ሆኑ፤ ፍርዱ በኤሌክትሮኒክ ቀለም ላይ ብቻ የተሰጠ እንዳልሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ስለ ማንበቢያው በተለይ የሚናገር ጥናት በ2019 አን ማንገንና ጓደኞቿ አሳትመዋል። በዚህ ጥናት 50 ሰዎች 28 ገጽ የሚሆን አንድ ታሪክ እንዲያነቡ ተደረገ፤ እኩሌቶቹ በታተመ መጽሐፍ፤ እኩሌቶቹ በኪንድል አነበቡ። በብዙው ጥያቄ ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆኑ። ነገር ግን የታሪኩ ድርጊቶች በምን ቅደም ተከተል እንደ ተፈጸሙ ሲጠየቁ፤ በወረቀት ያነበቡት የተሻለ መለሱ። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት የእጅ ስሜት ነው። በታተመ መጽሐፍ ያለቀው ገጽ በግራ እጅ እየወፈረ፤ የቀረው በቀኝ እጅ እየሳሳ ይሄዳል፤ እጅም ይህን ልዩነት ሳይታወቀን ይመዘግባል። በማንበቢያው ግን የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ገጽ አንድ ዓይነት ነው።

ይህን እኛም በራሳችን አይተነዋል። ከአንድ ወዳጃችን በተዋስነው ማንበቢያ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ካነበብን በኋላ፤ በክፍል ውስጥ ክርክር ተነሥቶ ማስረጃውን አሳዩ ተባልን። ነገሩን ማንበባችን ትዝ ይለናል፤ የት እንደ ነበረ ግን ሊታወሰን አልቻለም። የታተመ ቢሆን ኖሮ፤ «በግራው ገጽ፤ ከታች፤ ከሥዕሉ አጠገብ» ብለን በገለጥነው ነበር። በሌላ ቀን ግን አንድ የሰው ስም ብቻ አስታውሰን ስሙን በማንበቢያው ብንጽፍ፤ ያለበትን ስፍራ ሁሉ በቅጽበት ዘረዘረልን። እንግዲህ ቃሉን ለሚያስታውስ ሰው ማንበቢያው ይፈጥናል፤ ስፍራውን ለሚያስታውስ ሰው ወረቀቱ ይሻላል። ለፈተና የሚያጠና ተማሪ በብዛት የሚያስታውሰው ስፍራውን ይመስለናል።

፬. ለማኖር፤ ለማዋስና ለማውረስ

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ግን በንባቡ ላይ ሳይሆን በባለቤትነቱ ላይ ነው። የታተመ መጽሐፍ የገዛ ሰው ወረቀቱ የራሱ ነው፤ ቢፈልግ ያውሳል፤ ቢቸግረው ይሸጣል፤ ሲሞትም ያወርሳል። ከትልልቆቹ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት መደብሮች የሚገዛው ግን ብዙውን ጊዜ መጽሐፉን ሳይሆን የማንበብ ፈቃድን ነው።

ይህም ፈቃድ ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ በ2009 ታየ። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና «የእንስሳት እርሻ» የተባሉትን መጻሕፍት አንዳንድ እትሞች ከገዢዎች ማንበቢያ ላይ ከሩቅ ሆኖ ሰረዘ። ምክንያቱም መጻሕፍቱን ለሽያጭ ያቀረበው ወገን መብቱ ያልነበረው በመሆኑ ነው። ለገዢዎቹ ገንዘባቸው ተመለሰ፤ የኩባንያው አለቃም በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ነገር ግን አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለትምህርቱ የጻፈው ማስታወሻ ከመጽሐፉ ተለይቶ ስለ ቀረ ዋጋ አጣ። በ2019 ደግሞ ማይክሮሶፍት የመጻሕፍት መደብሩን ሲዘጋ ሰዎች የገዟቸው መጻሕፍት ሁሉ አብረው ጠፉ። ገንዘቡ ተመለሰ፤ በመጽሐፉ ላይ ማስታወሻ ጽፈው ለነበሩትም 25 ዶላር ተጨመረላቸው። በ2025ም አማዞን ገዢዎች የኪንድል መጻሕፍታቸውን ወደ ኮምፒዩተር አውርደው በገመድ ወደ ማንበቢያው የሚያሻግሩበትን መንገድ ዘጋ።

እርግጥ ነው፤ የታተመ መጽሐፍም ጠላት አያጣም። እሳት፤ ዝናብ፤ አይጥ፤ ተውሶ የማይመልስ ወዳጅም አለ። የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍትም ሁሉ የተቈለፉ አይደሉም፤ የፕሮጀክት ጉተንበርግ መጻሕፍትና አንዳንድ አሳታሚዎች ያለ መቈለፊያ የሚሸጧቸው፤ ባለቤቱ በፈለገው ስፍራ ገልብጦ ሊያኖራቸው ይችላል።

መጽሐፍ ከማንበብ በላይ አገልግሎት እንዳለው አባቶቻችን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ የባለቤቱ ስምና መጽሐፉን በሚሰርቅ ላይ የሚወርድ ውግዘት ተጽፎ ይገኛል። በአብያተ ክርስቲያናት ወንጌሎች ባዶ ገጾችና ጠርዞች ላይም የርስትና የስጦታ ውል ይመዘገብ ነበር። የታሪክ ተመራማሪዎች ስለ ጥንቱ የመሬት ሥሪት ከሚያውቁት ብዙው ከነዚህ ጠርዞች የተገኘ ነው። የጠርዙ ጽሑፍ ከመጽሐፉ ጋራ ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ዕውቀት በቀረ ነበር።

፭. የአማርኛ አንባቢ

የአማርኛ አንባቢ ከዚህ ሁሉ በላይ የራሱ ችግር አለበት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት ሥርዓት የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የጽሕፈት ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ ቍጥር ስለሚመዘግብ፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ ይህ ችግር ቢቃለልም፤ ከእጅ ወደ እጅ በቴሌግራም የሚተላለፉት የአማርኛ መጻሕፍት አብዛኞቹ የገጽ ፎቶግራፍ ናቸው። ፎቶግራፍ ደግሞ ጽሑፍ አይደለም፤ ፊደሉን ብቻ ለይቶ ማተለቅም ሆነ ቃል መፈለግ አይቻልም። ሙሉው ገጽ ስድስት ኢንች በሆነ ማንበቢያ ላይ ሲጨመቅ ፊደሉ ያንሳል። የእኛ ፊደል «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ስፍራ ስለ ሆነ፤ አንባቢው ቃሉን ከማንበብ ይልቅ ወደ መገመት ይሄዳል። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ ያለ ደራሲው ፈቃድ የተቀዱ ናቸው፤ ደራሲው ከነዚህ የሚያገኘው ጥቅም የለም። ስለዚህ በማንበቢያው ላይ ያየናቸው ጥቅሞች ሁሉ፤ የፊደሉ መተለቅም የቃሉ መፈለግም፤ ለአማርኛ አንባቢ የሚደርሱት አሳታሚዎቻችን መጻሕፍቱን በእውነተኛ ጽሑፍ መልክ አዘጋጅተው በተገቢ ዋጋ ሲሸጡ ነው።

፮. መደምደሚያ

ከላይ ከተናገርነው የሚከተለው ፍርድ ይገኛል ብለን እናምናለን። አንድ ጊዜ ተነብቦ ለሚታለፍ ልብ ወለድ፤ ለመንገድ፤ ለደከመ ዓይን፤ በባዕድ ቋንቋ ለሚደረግ ንባብና መብታቸው ላለፈ የቈዩ መጻሕፍት ማንበቢያው ይስማማል። በጥልቀት ለሚጠና፤ በጠርዙ ለሚጻፍበት፤ ለሚዋስና ለሚወረስ መጽሐፍ ግን የታተመው ይሻላል። አንዱ ሌላውን ሊያግዘው እንጂ ሊተካው አይገባም። በ1973 የብራና መጻሕፍታችንን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመርም የታየው ይኸው ነው። የፊልሙ ቅጂ በአዲስ አበባና በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ተቀመጠ፤ ብራናው ግን ለባለቤቶቹ ቀረ።

ይህ ጉዳይ የጣዕም ክርክር ብቻ የሚሆነው መጽሐፍ በተትረፈረፈበት አገር ነው። በእኛ ዘንድ ግን አንድ መጽሐፍ የሚገዛው አንድ ሰው ቢሆንም የሚያነቡት ብዙዎች ናቸው። በትምህርት ቤታችን ከእጅ ወደ እጅ ይዞር የነበረ አንድ ልብ ወለድ ሽፋኑ ሁለት ጊዜ ተለውጦ፤ የመጨረሻው ቅጠል በእጅ ተገልብጦ እኛ ዘንድ ደርሶ ነበር፤ ከኛም በኋላ ለታናናሾቻችን አልፏል። ያ መጽሐፍ በአንድ ሰው ስም የተቈለፈ ፈቃድ ቢሆን ኖሮ ያነበበው የገዛው ልጅ ብቻ በሆነ ነበር። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቶቻችን አዲሱን መሣሪያ በደስታ ይቀበሉ እንላለን፤ ነገር ግን ለመሣሪያው ስፍራ ለማስለቀቅ ሲሉ የታተመውን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አያውርዱት።