የቤንዚን ፓምፕ እሳት ሲያጣ፦ ካንዴላ ወይስ ፑንቲና?

በመቂና በባቱ ዙሪያ ሽንኩርት ራስ በሚቋጥርበት ወቅት ፓምፕ ከቆመ ማሳው ብዙ አይታገስም። ይህ አሮጌ የቤንዚን ፓምፕ ላላችሁ ነው፤ የናፍጣ ሞተር ካንዴላም ፑንቲናም የለውም። በአዲሶቹ የቤንዚን ፓምፖችም አብዛኞቹ ላይ ፑንቲና ስለማይገኝ ቮላኖውን በከንቱ አትፍቱ።

አስቀድማችሁ ማጥፊያውን እዩ፤ ተጠርቼ ሄጄ እሱ ብቻ ተዘግቶ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ቀጥሎ ካንዴላውን ፈትታችሁ፣ ከቆቡ ሳትነቅሉ ብረቱን ከሞተሩ አካል አስነክታችሁ የማስነሻውን ገመድ ሳቡ። ቤንዚን በአጠገቡ አይኑር።

በአዲስ ካንዴላም እሳት ከሌለ በቮላኖው ሥር ያለውን ፑንቲና ተመልከቱ። እሳት የሚመጣው ፑንቲናው በተከፈተ ቅጽበት ነው፤ ዘይት ከነካው ግን አያገናኝም። በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከተበላ ለውጡት። ክፍተቱ የሚለካው እስከ መጨረሻው ሲከፈት ነው፤ በብዙዎቹ ከ0.3 እስከ 0.5 ሚ.ሜ. ሲሆን የሞተሩ መመሪያ ይቀድማል። አዲሱ ቶሎ ከተቃጠለ ኮንደንሰሩን ሳትለውጡ ሌላ ፑንቲና አትግዙ።