«ትረስት ፈንድ» ማለት የአደራ ገንዘብ ነው

ሰሞኑን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አንዲት ተማሪያችን ከሬዲዮ የሰማችውን ቃል ይዛ መጣችና «ቲቸር፣ ትረስት ፈንድ ማለት ምንድን ነው? በስደተኛ ስም የተሰበሰበ ገንዘብ ነው ይላሉ፤ ታዲያ የታለ?» ስትል ጠየቀችን። በጊዜው የሰጠናት መልስ እኛኑም አላረካንም። ስለዚህ ጉዳዩን በዛሬው ገጻችን ሰፋ አድርገን ልናየው ወደድን።

«ትረስት» እምነት ወይም አደራ ማለት ነው። «ፈንድ» ደግሞ ለአንድ ጉዳይ ተብሎ ለብቻው የተቀመጠ ገንዘብ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ «የአደራ ገንዘብ» ይሆናል። በዚህ ውስጥ ሦስት ወገኖች አሉ፦ አደራ ሰጪ፣ ባለአደራና ተጠቃሚ። ገንዘቡ በባለአደራው እጅ ይሁን እንጂ ጥቅሙ የእሱ አይደለም። ባለአደራው ዕዳ ቢኖርበት እንኳ አበዳሪዎቹ ያንን ገንዘብ ሊነኩት አይገባም።

ነገሩ ጥንት በእንግሊዝ አገር እንደተጀመረ ይነገራል። ወደ መስቀል ጦርነት የሚዘምት ባለርስት መሬቱን ለሚያምነው ወዳጁ «ሚስቴንና ልጆቼን እያበላህበት ጠብቅልኝ» ብሎ ሰጥቶ ይሄዳል። አንዳንዱ ወዳጅ ታዲያ ዘማቹ ሲመለስ «መሬቱ በስሜ ነው» ብሎ ይክዳል። አቤቱታው እየበዛ ሲመጣ የንጉሡ ችሎት «በስምህ ቢሆንም ጥቅሙ የነሱ ነው» እያለ መፍረድ ጀመረ። ዛሬ በአሜሪካና በእንግሊዝ ቃሉን ተራው ሰው ጭምር ይጠቀምበታል። ሀብታም ወላጆች ለልጃቸው ገንዘብ ያስቀምጡና ልጁ 18 ወይም 21 ዓመት ሲሞላው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሲሆን እንዲሰጠው ያዛሉ። «ትረስት ፈንድ ያለው ልጅ» ሲሉ ሳይለፋ የሚኖር ማለታቸው ነውና ቃሉ ትንሽ ሽሙጥም አለበት።

በኛም አገር ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አደራ ንብረት የሚናገሩ አንቀጾች አሉት። ከሕጉ በፊትም «አደራ በላ» ከመባል የከፋ ስድብ አልነበረም። እቁብ ግን ትረስት ፈንድ አይደለም፤ ሱዳኖች «ሰንዱቅ» የሚሉትም እንደዚያው ነው። እዚያ ሰጪውም ተቀባዩም ራሱ ባለ ዕጣው ስለሆነ ነው። ለትረስት ፈንድ ይበልጥ የሚቀርበው የእድር ገንዘብ ነው። ኮሚቴው ይይዘዋል፣ ኮሚቴው ግን አይበላውም።

አሁን ከራሳችን እንነሳ። ካርቱም ሳለን አንድ ወገናችን አረፈና ለልጆቹ ትምህርት ተብሎ ገንዘብ ተዋጣ። ሁላችን ለምናምነው አንድ ትልቅ ሰው ሰጠን። ደረሰኝ አልተቆረጠም፣ መዝገብም አልተከፈተ። «በሳቸው ላይ ደግሞ ወረቀት?» ነበር ያልነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ካርቱም ላይ ሲፈነዳ ሁሉም በየፊናው ተበተነ። ሰውየው ግን ገንዘቡን በወገባቸው ታጥቀው፣ በየኬላው እየተፈተሹ ወጡና ለልጆቹ እናት አስረከቡ። እሷም ተቀብላ አመሰገነች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን «የተዋጣው ከዚያ ይበልጥ ነበር» የሚል ወሬ ተነሳ። እኛም ካዋጡት መካከል ነበርን፤ ጠቅላላው ስንት እንደነበረ ግን አናውቅም። ስለዚህ አፋችንን ሞልተን «ሐሰት ነው» ልንልላቸው አልቻልንም። እኚህ ሰው ነፍሳቸውን ለአደጋ ሰጥተው የጠበቁትን አደራ የሚመሰክርላቸው አንድ ወረቀት ጠፋ። ከዚህ የተማርነው፣ መዝገብ የሚያስፈልገው ሌባን ለመያዝ ብቻ ሳይሆን ታማኙንም ከሐሜት ለማዳን መሆኑን ነው።

ወደ ትልልቆቹ እንምጣ። በ2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በቀን አንድ አንድ ዶላር እንዲያዋጡ ጠየቁ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የኢትዮጵያ ዳያስፖራ ትረስት ፈንድ ሥራ ጀመረ። ገንዘቡ ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለውሃና ለመሳሰሉት እንዲውል ተብሎ በቦርድ ይመራ ነበር። ሰዎቹ የግል ገንዘባቸውን ወደ መንግሥት ካዝና ከማስገባት ይልቅ ለብቻው በተቋቋመ ባለአደራ በኩል መላክን የመረጡት፣ ሒሳቡን መጠየቅ ስለሚፈልጉ ነው።

ተማሪያችን የሰማችው ግን ሌላውን ሳይሆን አይቀርም። የአውሮፓ ኅብረት በኅዳር 2008 ዓ.ም. በማልታ ዋና ከተማ በቫሌታ በተደረገው ጉባኤ ላይ የአፍሪካ የአስቸኳይ ጊዜ ትረስት ፈንድ አቋቋመ። በ1.8 ቢሊዮን ዩሮ ተጀምሮ በኋላ ወደ 5 ቢሊዮን ዩሮ ደረሰ። ሱዳንና ኢትዮጵያን ጨምሮ 26 አገሮችን የሚመለከት ሲሆን፣ ሰው ከአገሩ እንዲሰደድ የሚያደርጉ ምክንያቶችን ለመቀነስ ነው ተብሏል። ከፊሉ ለትምህርት፣ ለጤናና ለሥራ ፈጠራ ዋለ። ከፊሉም ለድንበር ቁጥጥርና ለፖሊስ ሥራ ሄደ። ለምሳሌ የየአገሩ ፖሊሶች ስለ ሰው አሻጋሪዎች መረጃ የሚለዋወጡበት ማዕከል ካርቱም ላይ ተቋቁሞ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. በሱዳን በተነሳው ቀውስ ሥራው ተቋረጠ። ፈንዱ ከ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወዲህ አዲስ ውል አልፈረመም። የኅብረቱ የራሱ ኦዲተሮችም በ2011 እና በ2017 ዓ.ም. ባወጡት ሪፖርት ገንዘቡ በጣም እንደተበታተነና በዋናዎቹ ችግሮች ላይ እንዳላተኮረ ጽፈዋል።

እንግዲህ ለተማሪያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። በእንዲህ ያለው ፈንድ ቦርድ ላይ ተቀምጠው የሚወስኑት ገንዘቡን የሰጡት ናቸው፤ የስደተኛው ስም አለ፣ ወንበር ግን የለውም። «ድርሻዬን በእጄ ስጡኝ» ብሎ ፍርድ ቤት የሚያስሄድ መብት አይሰጠንም። ይሁን እንጂ «በስማችን የመጣው ለምን ዋለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ኦዲተሮቹም የጠየቁት ይህንኑ ነው።

ከሩቁ ግን በፊት የቅርቡ ይቀድማል። በየብሎካችን ለታመመ፣ ለሞተ፣ ለተማሪ ደብተር እያልን እናዋጣለን። ያቺ ትንሽ ሣጥን የኛ ትረስት ፈንድ ናት። ስለዚህ ገንዘቡን አንዱ ይያዝ፣ መዝገቡን ሌላው፣ ቁልፉን ሦስተኛው። ስንት እንደተዋጣና ለምን እንደዋለ በወር አንድ ጊዜ በሕዝብ ፊት ይነበብ። የመዝገቡ ግልባጭም በሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ፤ መበተን እንዳለ ካርቱም ላይ አይተናልና። ባለአደራው «አላመናችሁኝም» ብሎ እንዳይከፋ እኛው ቀድመን ለሱም ጭምር መሆኑን እንንገረው።