እናት የሌለው ጫጩት

ሐበሻ ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ በ21 ቀን ትፈለፍላለች። ጫጩቶቿን የምታሳድገውም እሷው ነች። ሲበርዳቸው ክንፏ ሥር ታስገባቸዋለች። ጭልፊት ሲያንዣብብ ትጮኻለች። ጭራ ምግብ ታሳያቸዋለች። ባለቤቱ ጥሬ ከመበተን ሌላ ብዙ ሥራ የለበትም።

በካርቶን ተጭኖ የሚመጣው የ1 ቀን ጫጩት ግን በማሽን የተፈለፈለ ነው። እናት የለውም። ስለዚህ እናትነቱ የገዢው ይሆናል። ይህን ሳያስብ 50 ጫጩት የገዛ ሰው በሳምንቱ ግማሹን ሊቀብር ይችላል። ገንዘቡም አብሮ ተቀበረ ማለት ነው።

ጫጩት ሲሞት ብዙ ሰው «ምግብ አንሶት ነው» ይላል። ነገር ግን ጫጩት ከእንቁላሉ ሲወጣ የአስኳሉን ትራፊ በሆዱ ይዞ ይወጣል። በዚያ ስንቅ እስከ 2 ቀን ሊቆይ ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት ይበልጥ የሚያሰጋው ብርድ ነው። የጫጩት ለስላሳ ጠጉር እንደ ትልቅ ዶሮ ላባ ሙቀት አይዝም። ላባ እስኪያወጣ ድረስ ጥቂት ሳምንታት ያልፋሉ።

ታዲያ መበርዱ በምን ይታወቃል? ጫጩቱ ራሱ ይናገራል። ሲበርደው ሳያቋርጥ ይጮኻል፤ ከጓደኞቹም ጋር ተደራርቦ ይተኛል። ከሥር ያለው ታፍኖ ይሞታል። ሙቀት ሲበዛበት ደግሞ አፉን ከፍቶ ያለከልካል፤ ክንፉንም ይዘረጋል። ደህና የሞቃቸው ጫጩቶች እዚህም እዚያም ተበታትነው በቀስታ ጭው ጭው እያሉ ይለቅማሉ። ሌሊት አንድ ጊዜ ተነሥቶ ማዳመጥ ይገባል።

ለሙቀት ብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ግን ጫጩቱንም ሰውንም ይገድላል። ኩራዝም ጭድ አጠገብ አይቀመጥም። ከዚህ የሚሻለው የድርቆሽ ሳጥን ነው። ከእንጨት ሳጥን ይሠራና በጎኑ ጫጩት የምታስገባ ትንሽ በርና የአየር ቀዳዳዎች ይበጁለታል። በውስጡ ዙሪያውን ደረቅ ድርቆሽ ጠቅጥቆ መሐሉን እንደ ጎጆ ክብ አድርጎ መተው ነው። ክብ መሆኑ ደግ ነው፤ ጫጩት ማዕዘን ካገኘ እዚያው ይከመራል። በላዩ ድርቆሽ የተሞላ ጆንያ ይከደናል። እንግዲህ ጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት ይሞቃሉ። ነዳጅ የለ፣ መብራት የለ። ሲርባቸው ይወጣሉ፣ ሲበርዳቸው ይገባሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን በሩን ስለማያውቁት በእጅ እያነሡ ማስገባት ያስፈልጋል። ድርቆሹ ሲረጥብ ይለወጥ፤ እርጥብ ጉዝጓዝ ደም የሚያስቀምጥ በሽታ ያመጣል።

ጫጩቶቹ ጥቂት ከሆኑ ሙቀታቸው አይበቃም። ያን ጊዜ ፍል ውኃ በጀሪካን ሞልቶ፣ በጆንያ ጠቅልሎ መሐላቸው ማኖር ነው። በቤት ገና የፈለፈለች ዶሮ ካለች ደግሞ ብልሃት አለ። በጨለማ ቀስ ብሎ ከሥሯ መጨመር ነው። ሲነጋ የራሷ ይመስሏታል። ይህ የሚሆነው ግን ጫጩቶቹ የ1 ወይም የ2 ቀን ሳሉ ነው።

ጫጩቶቹ ከካርቶን እንደ ወጡ መጀመሪያ ንጹሕ ውኃ ይሰጣቸው። ዕቃው ዝርግ ይሁን፤ ጠጠርም ይጨመርበት፤ አለዚያ ገብተው ይሰጥማሉ። ምግባቸው ደቀቅ ብሎ የተፈጨ ይሁን። በቆሎ ብቻውን አይበቃም፤ የኑግ ፋጉሎ ይቀላቀልበት። ምስጥ የተገኘ እንደሆነ በደስታ ይለቅማሉ።

ድመትና ሸለምጥማጥ እንዳይደርሱባቸው ሌሊት በሩን አጥብቆ መዝጋት ነው።

ብርዱን ያለፈ ጫጩት ፈንግል ይጠብቀዋል። ፈንግል ከገባ መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። በቢሾፍቱ ከተማ ይመረታል። ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዓይኑ ይንጠባጠብለታል፤ ከሳምንታት በኋላም ይደገማል። ቀኑን የእንስሳት ጤና ባለሙያው ይናገራል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ግን ለነገ አይቆይም፤ በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። ስለዚህ ባለሙያውን ከመጥራት በፊት ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ ሁሉንም ዶሮ በአንድ ቀን ማስከተብ ይሻላል።