አይሮፕላን ነጂውና የእጅ ሻንጣው

በአሜሪካ አገር ከከተማ ወደ ከተማ በአይሮፕላን የሚመላለስ ነጋዴ፥ የደንብ ልብስ የለበሰ አይሮፕላን ነጂ ትንሽ ሻንጣውን እየጎተተ ከመንገደኞች ሁሉ በኋላ ገብቶ በተረፈው ወንበር ሲቀመጥ ይመለከት ይሆናል። ይህ ሰው ወደ ሥራው የሚሄድ ነው። መኖሪያው በአንድ ከተማ፥ የሥራ መነሻው ግን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በሌላ ከተማ ነው።

የዚህም ምክንያት የቅድሚያ ሥርዓት ነው። መነሻ ጣቢያን የሚመርጠው በአገልግሎት ዘመን የቀደመው ስለ ሆነ፥ አዲስ ገቢው ኑሮው ውድ ወደ ሆነበት ወደ ኒውዮርክና ወደ መሳሰለው ይመደባል። ኩባንያውም ጣቢያውን ሊዘጋው ስለሚችል፥ ብዙው ነጂ ቤተሰቡን ነቅሎ ከመከተል መመላለስን ይመርጣል። የሚጓዘው ወንበር ሲተርፍ፥ ካልተረፈም በአለቃው ፈቃድ በነጂዎቹ ክፍል ባለው ትርፍ መቀመጫ ነው። ሻንጣውን ለጭነት የማይሰጠውም ስለዚህ ነው፤ አንዱ አይሮፕላን ቢሞላበት ወደ ሌላው መሮጥ አለበትና፥ ዕቃው ያለ እርሱ እንዲሄድ አይፈልግም። በውስጡ የአራት ቀን ሸሚዝ፥ መላጫና ስንቅ ይገኛል። ቀድሞ ከዚህ ሌላ 16 ኪሎ ያህል የሚመዝን የካርታና የመመሪያ ቦርሳ ይሸከም ነበር። አሜሪካን ኤርላይንስ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. ይህን በታብሌት ሲተካ፥ በዓመት ከ400,000 ጋሎን በላይ ነዳጅ እንደሚያተርፍ አስታውቋል። የወረቀቱ ክብደት እንዲህ ሲሰላ፥ የሰውየው ድካም ግን በማንም መዝገብ ላይ በቀላሉ አይሰፍርም።

በዚሁ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. ከኒውዋርክ ወደ ቡፋሎ ይበር የነበረው የበረራ ቁጥር 3407 አይሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። ረዳት ነጂዋ ሌሊቱን ከሲያትል በሜምፊስ በኩል በጭነት አይሮፕላን ተጉዛ የደረሰች ስትሆን፥ አለቃው ደግሞ ያደረው በጣቢያው የሠራተኞች ክፍል ነበር። መርማሪዎች ዋና ምክንያት ያሉት አለቃው ለማስጠንቀቂያው የሰጠውን የተሳሳተ ምላሽ ነው፤ ድካም ሁለቱንም ሳይጎዳቸው እንዳልቀረ ቢገልጡም፥ መጠኑን ለመወሰን አልቻሉም።

በ2014 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ደንብ የመንገደኛ አይሮፕላን ነጂ ከሥራ በፊት 10 ሰዓት እንዲያርፍ ያዛል። ከቤቱ ወደ ጣቢያው የሚያደርገው ጉዞ ግን ከሥራ ሰዓት አይቆጠርም። ስለዚህ ብዙዎች በዋዜማው ደርሰው፥ ከባልደረቦቻቸው ጋር በጋራ በተከራዩት ቤት በተደራራቢ አልጋ ያድራሉ፤ ኪራዩንም የሚከፍሉት ከገዛ ኪሳቸው ነው።